የመንግሥት መልክና የገዢ ልብ

መንግሥት ስንት ዓይነት ነው? ከዚያስ የሚሻለው የትኛው ነው? የጥንት የጽርእ ሊቃውንት ይህን አጥብቀው መርምረዋል። በአቴና ሕዝቡ በጉባኤ ተሰብስቦ ይመክርና ይወስን ነበር፤ በስፓርታ ግን ሁለት ነገሥታት በአንድ ዘመን ይነግሡ፣ 28 ሽማግሌዎች ይመክሩ፣ በየዓመቱ የሚመረጡ 5 ሹማምንትም ነገሥታቱን ሳይቀር ይቆጣጠሩ ነበር።

አርስጣጣሊስም ይህን ሁሉ መዝኖ መንግሥትን በ6 ከፈለው፤ ይኸውም የአንድ ሰው፣ የጥቂቶችና የብዙዎች አገዛዝ እያንዳንዱ ቀና ወይም ጠማማ ሊሆን ስለሚችል ነው። ቀናውን ከጠማማው የሚለየው የገዢዎቹ ቁጥር አይደለም፤ ለሁሉ ጥቅም የሚገዛ ቀና፣ ለራሱ ጥቅም የሚገዛ ጠማማ ነው። ብዙዎችም ብዙ ስለ ሆኑ ብቻ እንደማይጸድቁ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ399 ዓመት የአቴና ዳኞች በድምፅ ብልጫ በሶቅራጥስ ላይ ሞት መፍረዳቸው ምስክር ነው።

ይህ መለያ ለአገራችንም ይሠራል። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ነአኵቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅ፣ የዋግ ግዛት ለዘሩ እንዲጸና ቃል ኪዳን ተደረገ። ሌላው ትረካ ግን መንግሥቱ በጦር እንደ ተወሰደ ይናገራል። ከብዙ ዘመን በኋላም ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ግን ዓድዋ አጠገብ ከሚስታቸው ወንድም ከካሣ ምርጫ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ስለ ዘውድ የአማቾች ሠራዊት ደም ፈሰሰ። እንግዲህ ሕዝቡ ያለ ደም ዙፋን የለቀቀውን ንጉሥ በፍቅር ማስታወሱ፣ ከገዢ የሚሻውን ያሳያል።

ታዲያ የመንግሥት መልክ ከንቱ ነውን? አይደለም። የገዢን ልብ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰው በሕግና በተቆጣጣሪ መጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን አጥር ብቻውን እርሻ አይሆንም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ዘውድ ቀርቶ ሥርዓት በሥርዓት ተተካ፤ የኒሯቅ ገበሬ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ዳኛው የሚፈርደው ለማን ነው?

ስለዚህ ካህን የአንዱን ሥርዓት መልክ ሲያወድስ ሊኖር አይገባውም፤ ናታን በዳዊት ፊት እንዳደረገው፣ ስለ ድኻው በግ ሊናገር ይገባዋል እንጂ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ ሥልጣን ምን እንደ ሆነ አሳይቶናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።