ታዛዥ ውሻ ያስባል?

በአሜሪካ የውሾች ታዛዥነት ውድድር፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ ስለ መታዘዝ ያለንን ግምት የሚያናጋ አንድ ፈተና አለ። ከቆዳና ከብረት የተሠሩ፣ በየዓይነታቸው አንድ የሚመስሉ ትናንሽ ዕቃዎች መሬት ላይ ተራርቀው ይደረደራሉ። ባለቤቱ አንዱን በመዳፉ አሽቶ ጠረኑን ያሳድርበታል። ዳኛው በእጁ ሳይነካ ወስዶ ከሌሎቹ ስምንት ጋር ይቀላቅለዋል። ይህ ሲሆን ሰውየውም ውሻውም ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከዚያ ውሻው ያንን ዕቃ እንዲያመጣ ይላካል። ውሻው አንዱን አሽትቶ ያልፋል፣ ሌላው ላይ ይቆያል፣ ይጠራጠራል፣ ያለፈውን ተመልሶ ያሸታል፤ በመጨረሻ አንዱን ነክሶ እየሮጠ ይመጣል።

እዚህ ላይ አዛዡ መልሱን አያውቅም። የሰው አፍንጫ ዘጠኙን ሊለይ አይችልም፤ የትኛው የት እንደተቀመጠም አላየም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት በርሊን ውስጥ ሒሳብ ይሠራል የተባለውን ሃንስ የተባለ ፈረስ ሲመረምር፣ ፈረሱ የሚያነበው ቁጥሩን ሳይሆን የጠያቂውን ጭንቅላት ጥቃቅን እንቅስቃሴ መሆኑን ደረሰበት። ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ሃንስም አያውቅም ነበር። በጠረን ፈተናው ግን ሰውየው ሳያስበው እንኳ የሚጠቁመው ነገር የለውም። ፍርዱ የውሻው ብቻ ነው።

እንግዲህ መታዘዝ ፈቃድን መጣል ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። ትእዛዙ «አምጣ» ይላል እንጂ «ይኸኛውን» አይልም፤ ያንን የሚሞላው ታዛዡ ነው። ማሰብ ያቆመ ውሻ ፈተናውን ይወድቃል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ በውድድሩ ሜዳ ውስጥ ግን ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ውሻው የሚሠራው ቀድሞ በተማረውና አብሮት በቆመው ሰው ላይ ባለው እምነት ነው።

ሄለን ኋይትሃውስ ዎከር በ1933 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ማውንት ኪስኮ ላይ የመጀመሪያውን ውድድር ያዘጋጀችው ፑድል ውሾቿ ከመልክ ያለፈ ብልህነት እንዳላቸው ለማሳየት ነበር። የአሜሪካ ኬነል ክለብ በ1936 ውድድሩን በይፋ ተቀበለው። ከ200 ነጥብ 170 ያገኘ፣ በእያንዳንዱ ፈተናም ከግማሽ በላይ ያስመዘገበ ያልፋል። የሚገርመኝ ደንቡ አዛዡን ማሰሩ ነው። በጠረን ፈተናው ውሻውን የላከ ሰው ትእዛዙን ቢደግም ወደቀ ማለት ነው። መጮህ፣ መለማመጥ፣ በእጅ መጠቆም የለም። አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያምናል። ማዘዝ የሚችለውም በትክክል ያስተማረውን ያህል ብቻ ነው። በሰው ልጅ መካከል እንዲህ ያለ አዛዥ ስንት አለ?

ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፦ ውሻው ለውድድር አልተመዘገበም፣ የመዘገበው ሰው ነው። ዊሊያም ኮህለር በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ ያስፋፋው ሥልጠና አንገት ላይ በሚጠብቅ ሰንሰለት ማረም ላይ ያተኮረ ነበር፤ ካረን ፕራየር በ1984 የጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ሽልማትን ያስቀድማል። ሁለቱም ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ውሻ ያወጣሉ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። ለእኔ ግን የፈራ ውሻ የሚያደርገው መታዘዝ አይደለም፤ ቅጣት መሸሽ ነው። ስህተት የሚያስቀጣው ውሻ በዘጠኙ ዕቃዎች መካከል መጠራጠርን አይደፍርም፣ መጠራጠር ደግሞ የፍርድ መጀመሪያ ነው። የክለቡ ደንብ ራሱ ውሻው በፈቃደኝነትና በደስታ እንዲሠራ ይጠይቃል። ጅራቱን ወሽቆ 170 ያገኘ ውሻ በእኔ ሚዛን አላለፈም።

ውሻ የምታሠለጥኑ፣ ሜዳው በር ላይ ስትደርሱ ገመዱን ልቀቁትና ወደየት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ መኪናው ከዞረ ምዝገባውን ሰርዙ፤ የከፈላችሁት ይቅር።