የአባት ብራና፣ የልጅ ሸራ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ከሥዕል ጋር የተዋወቀው እቤቱ፣ አባቱ ሲሠሩ እያየ ነው።

የብራና ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፤ ዳር ዳሩ በወስፌ ተወግቶ መስመር ይሰመርበታል። በመቃ ብዕር ሲጻፍ ጥቁሩ ቀለም ለቃሉ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይውላል። ሥዕሉም የራሱ ሥርዓት አለው፦ ጻድቅ ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ ባንድ ዓይን ብቻ።

ገብረ ክርስቶስ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ትቶ ለሥዕል አደረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር ኮሎኝ ተማረ። ይዞት የተመለሰው ረቂቅ ሥዕል ብዙዎችን ግራ አጋባ፤ ባዕድ ነው ያሉም ነበሩ። እሱ ግን ያደገበትን አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሲመላለሱበት የኖሩትን ስቅለት በአዲስ አሣሣል ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። የዘመኑ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያንም ፓሪስ ላይ ከአፍሪካ ጥበብ ጋር ተዋውቆ፣ የአገሩን የጠልሰም ክታብ ወደ ሸራው አመጣ። ሁለቱም ርቀው ተማሩ፤ የሣሉት ግን ከአገር ቤት ያገኙትን ነው።

ይህ ታሪክ ለወላጅም፣ ለመምህርም ይጠቅማል። በየቤታችን እናቶች በአለላ መሶብና ሰፌድ ሲሰፉ ጥለቱን የሚያወጡት ከራሳቸው ነው። የቆሎ ተማሪው ዳዊት ይደግማል፤ ደረሳው በሉሕ ላይ ይጽፋል። ልጆቻችን ይህን ሁሉ እያዩ ያድጋሉ። እንግዲህ የእናቱን መሶብ ደብተሩ ዳር ላይ የሣለ ልጅ ስናገኝ አንቆጣው። ወረቀትና እርሳስ እንስጠው፤ አያቱ ዘንድ ሄዶም ጥለቱን እንዴት እንደምታወጣው ይጠይቃት። መምህራንም በዓመት አንድ ቀን የልጆቹን ሥዕል ክፍል ውስጥ ሰቅለው ወላጆችን ይጥሩ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እናት የእጇን ሥራ በልጇ እጅ ተሥሎ ታያለች፤ ልጁም የቤቱ ነገር ለሥዕል እንደሚበቃ ይረዳል።