ዘመድ ያልሆነ ምስክር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሀያትስቪል ወዳለው ቤቴ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች። ለፉልብራይት የነፃ ትምህርት ዕድል ልታመለክት ነው፤ ከተሳካላት ወሎ ሄዳ መንዙማ ታጠናለች። ቅጹ አማርኛዋን የሚመዝን ሰው ይጠይቃል። መዛኙ የቋንቋ መምህር ቢሆን ይመረጣል፤ መምህር እንደ ልብ ለማይገኝለት ቋንቋ ግን ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ይበቃል። ዘመድ አይቻልም።

«አንተ እኮ ዘመዳችን አይደለህም» አለችኝ እናቷ። ስምንት ዓመት ሙሉ «ወንድሜ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የፋሲካን ዶሮ ከእሷ ቤት ሌላ በልቼ አላውቅም፤ አባቴ ያረፈ ጊዜ መርዶውን ያረዱኝ እሷና ባሏ ናቸው። ልጅቷ «አጎቴ» ነው የምትለኝ። በቅጹ ቋንቋ ባዕድ ነኝ፤ በእኛ አቆጣጠር አይደለሁም። ደንቡን አላፈረስኩም፤ ደንቡ የወጣበትን ምክንያት ግን አፍርሼው ይሆን?

ስድስት እሑድ ተለማመድን። የአፍ ፈተና ጠባዩ ይታወቃል። አክትፍል የሚባለው ተቋም ባወጣው ዘዴ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ጭውውት ነው፤ በቀላል ወሬ ይጀምርና ተፈታኙ የሚሰናከልበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ እየከበደ ይሄዳል። መርማሪው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሰውየው ሳይወድቅ የሚቆምበትን ወለልና ሊያልፈው የማይችለውን ጣሪያ። እኔም በዚያው መንገድ ጠየቅኋት።

ወለሏ ያስቀናል። እናቷ በስልክ ስትጣላ አንዲት ቃል አታመልጣትም። ሽሙጥ ይገባታል፤ «ሆድ ባሰኝ» የምትለው በቦታው ነው። ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ነው። አማርኛዋን የተማረችው ከትእዛዝ ነው፦ ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ ዝም በዪ። ወደ ላይ የሚነገር አማርኛ የላትም። የማላውቃት መርማሪ ሆኜ ፊቷ ብቀመጥ፣ «አንተ የት ነው የምታስተምረው?» አለችኝ። አንድ ሼህ ፊት ተቀምጣ «አንተ ይህን ከማን ተማርክ?» ስትል ታየኝ። ከፖቶማክ ማዶ፣ አርሊንግተን ያለው የውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ፣ ለዲፕሎማቶች አማርኛን የሚመድበው 44 ሳምንት ከሚፈጁት ቋንቋዎች ጋር ነው። ከዚያ የወጣ ሰው «እርስዎ» ማለትን አይስትም፤ ሽሙጡ ግን ሳይገባው ሊቀር ይችላል። ማን ነው አማርኛ የሚችለው?

በሦስተኛው እሑድ እናቷ «መልሱን ጻፍላትና ትሸምድደው» አለች። አልደብቅም፣ ጻፍኩ። ስለ ቤተሰቧ፣ ስለ ጥናቷ፣ ስለ ዕቅዷ ሦስት ማለፊያ መልሶች። በሳምንቱ መጥታ እንደ ዜና አንባቢ አንበለበለችው። ከአፏ የሰማሁት የራሴን አማርኛ ነበር፤ «ከዚህም ባሻገር» የምትለዋ ልማዴ እንኳ ሳትቀር። ደነገጥኩ። መዛኙ እኔ፣ ተመዛኙም እኔ!

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው የመንገደኞች መምሪያ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ ጭውውት ነው፤ ጥያቄውንም መልሱንም የጻፈው እሱ ነው። ያ ማታለል አይደለም፤ መንገደኛው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ነው የሚናገረው። የእኛ መጽሐፍ ግን ተደብቋል።

የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ነገር ከእኛ በፊት አስበውበታል። ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ያስተማረውም የሚያርመውም ያው መምህር ነው። ቅርበቱ አያስጠረጥረውም፤ እንዲያውም የልጁን ቅኔ ከተበደረው የሚለየው በቅርበቱ ነው። ድጓ የተማረ ደግሞ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ ያስመሰክራል፤ በ30 ደቂቃም አያልቅለትም። ቃሉን ልብ በሉልኝ፦ ያስመሰክራል። «የምስክር ወረቀት» የምንለውም ከዚያው ግስ የወጣ ነው። ምስክር ያየ ሰው ነው፤ ለማየት ደግሞ መቅረብ ያስፈልጋል። ቅጹ የቀረበ ሰው ያዳላል ብሎ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ያልቀረበ ሰው ምን አይቶ ይመሰክራል እላለሁ። እናቷ ቡና እያፈላች በጎን ስታየኝ ግን የቅጹ ፍርሃት ገባኝ። ያረቀቀው ሰው ይሉኝታን በስሙ ባያውቀው በግብሩ ያውቀዋል።

የጻፍኳቸውን መልሶች ቀደድኩ። ቅጹን ስሞላ መስማቷን ከፍ፣ መናገሯን መካከለኛ፣ ንባቧን ዝቅ አደረግሁ። የአክብሮት አነጋገር እንደሚቀራት፣ ያለማመድኳትም እኔ እንደሆንኩ፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ እንደምቆርስም ጨመርኩበት። እናቷ «የባዕድ ልጅ ብትሆን እንዲህ አትጨክንም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ለባዕድ ልጅ አዳላ ብሎ የሚጠረጥረኝ ስለሌለ እጄ ይላላ ነበር። ላለማዳላት ብዬ የጨከንኩት ጭካኔ ራሱ አድልዎ እንዳልሆነ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

ዕድሉ አልደረሳትም፤ በምን ምክንያት እንደሆነ አላወቅንም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ዶሮው እንደ ወትሮው ቀረበልኝ፤ «ወንድሜ» የሚለው ቃል ግን እስከ ሰኔ ቆየ።

ከሁሉም የሚታወሰኝ የመጨረሻው እሑድ ነው። ማታ፣ እዚያ ሲነጋ፣ «አንቱ»ን ልለማመድ ብላ ደሴ ላሉት አያቷ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው እኔም እሰማለሁ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?»

አሮጊቷ ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» አሉ።