ውለታና ነፃነት

መንግሥታት የሚገናኙት በጦርና በንግድ ብቻ አይደለም። በሬዲዮ፣ በሐኪም፣ በትምህርት ዕድልም ይገናኛሉ። የጎረቤትን ልብ ያለ ጠብመንጃ ማግኘትም ኃይል ነው። ታዲያ ጥቅም ታስቦበት የተሰጠ ስጦታ ስጦታነቱ ይቀራልን?

ምሳሌውን ከራሳችን ቤት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1958 ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት አክራ ላይ ሲሰበሰቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጠ። ይህ ንጹሕ ቸርነት ብቻ ነበር አይባልም። የካይሮ ሬዲዮ በስዋሂሊ ጭምር የምሥራቅ አፍሪካን ሕዝብ በሚጣራበት በዚያ ዘመን አዲስ አበባም ወዳጅ ያስፈልጋት ነበር። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መቀመጫው እርሷ ሆነች። አዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ የነበሩት ሮበርት ኡኮም ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ነገር ግን ሰጪው ያላሰበውም ደረሰ። እንግዶቹ ተማሪዎች የፀረ ቅኝ ግዛት ትግልን ወሬና በግልጽ የመከራከርን ልማድ ይዘው መጡ። የአገሩ ተማሪ በእነርሱ ድፍረት መነቃቃቱን የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ምሁራን ይመሰክራሉ። ያ እንቅስቃሴ ዘውዱን ካናወጡት ኃይሎች አንዱ ሆነ።

ከዚህ አንድ መለኪያ እናገኛለን። ዕውቀት አንዴ ከተሰጠ ሰጪው አያዝበትም፤ ተቀባዩ ሰጪውን ለመንቀፍ እንኳ ሊጠቀምበት ይችላል። እንዲህ ያለው፣ ሐሳቡ የተቀላቀለ ቢሆንም፣ ስጦታ ነው። ተቀባዩ «አይሆንም» ባለ ጊዜ የሚነጠቅ ከሆነ ግን ስሙ ጉቦ ነው።

ዛሬም መለኪያው ይሠራል። በ2011 ሶማሊያ በረሃብ ስትጠቃ የቱርክ መሪ ኤርዶዋን ሞቃዲሾ ድረስ ሄዱ፤ እርዳታና ነፃ ትምህርት ተከተለ። በ2017 ደግሞ የቱርክ ጦር ማሠልጠኛ ሰፈር እዚያው ተከፈተ። የዳነው በሽተኛ መዳኑ ሐሰት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ግን ይህ ነው፤ ሶማሊያ ነገ ስለ ጦር ሰፈሩ ሌላ ሐሳብ ቢኖራት ሐኪሙ ይቆያልን?

«ብድር በምድር» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ውለታ ይመለሳል። ነገር ግን ውለታ የሚከፈለው በውለታ ነው እንጂ በኅሊና አይደለም። ሰው በሰጠን ደብተር የምንጽፍ ሁሉ ምስጋናችንን አንንፈግ፤ በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን የራሳችን ይሁን።