በሩ ሲንኳኳ ማን መጣ እንላለን?

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት እንዳንረሳ እያስታወስን ወደ ዛሬው ርእሳችን እንግባ።

ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ ባለው የአሜሪካ ደቡብ ጠረፍ ለሚኖር ሰው ከጁን እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ የሀሪኬን ወቅት ነው። በእነዚህ ከተሞች፣ በተለይም በሂውስተን፣ የእኛም አገር ሰዎች ይኖራሉ። ያ የሚሽከረከር ነጭ ደመና በቴሌቪዥን ካርታ ላይ ወደ የብስ ሲጠጋ ሰው ሁሉ መሯሯጥ ይጀምራል። ውሃና የታሸገ ምግብ ይገዛል፣ ማደያ ላይ ይሰለፋል፣ መስኮቱን በኮምፔርሳቶ ይመታል። ብዙ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጠመንጃውን ይወለውላል፣ ጥይቱን ይቆጥራል። ልቀቁ የሚል ትእዛዝ ሲመጣም «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም፤ ዘራፊ ቢመጣ የማደርገውን አውቃለሁ» ይላል። ኮምፔርሳቶው ላይ «ዘራፊ ይተኮስበታል» ብሎ በቀለም የሚጽፍም አለ።

ይህ ሰው አጥፍቷል? ቸኩለን አንፍረድ።

አንደኛ፣ መፍራቱ ነውር አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደመናና ኃይለኛ ነፋስ ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ፣ ወጣ ገባ ይሉ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ነበር ጭንቀቱ የሚለቃቸው። የዓድ ሕዝቦች ደመናውን ሲያዩ ዝናብ መጣልን ብለው እንደተደሰቱና ያ ደመና ግን ቅጣት ይዞ እንደመጣባቸው ያስታውሱ ነበር። ሁለተኛ፣ መዘጋጀቱም ነውር አይደለም። ተወኩል ማለት ግመልን ሳያስሩ መመካት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛ፣ ዲናችን ሰውን ለዘራፊ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አላዘዘውም። ነፍሱን፣ ቤተሰቡን ወይም ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሸሂድ መሆኑ በሐዲስ የተረጋገጠ ነው።

ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ነፋሱ ሲበረታ ፖሊስም አምቡላንስም ከመንገድ ይወጣል፤ ስልክ ቢደወል የሚደርስ የለም። እ.ኤ.አ በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው ሀሪኬን ኒው ኦርሊንስን ሲመታ፣ ጎርፍ መከላከያ ግድቦቹ ተሰብረው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተዋጠ። ለቀናት መንግሥት የሚባል ነገር አልታየም። ዝርፊያም ነበር። በዚያ ላይ ፖሊስ ከነዋሪዎች እጅ በሕግ የተያዘ መሣሪያ ሳይቀር ሲሰበስብ ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት 2006 የአሜሪካ ኮንግረስ በአደጋ ጊዜ እንዲህ ያለ መንጠቅ እንዳይደገም የሚከለክል ሕግ አወጣ። ዛሬ ጠመንጃውን የሚወለውለው ሰው ይህን ሁሉ ያስታውሳል። «ያኔ ማንም አልደረሰልንም» ሲል እውነቱን ነው።

ታዲያ ጥያቄው የት ላይ ነው? ጥያቄው ጠመንጃው ቤት ውስጥ መኖሩ ላይ አይደለም። ጠመንጃው ሁለት ነገር እንዲወስንልን ስንፈቅድለት ነው፤ እንሂድ ወይስ እንቅር የሚለውን፣ ቀጥሎም በሩን የሚያንኳኳው ሰው ማን ነው የሚለውን።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በሀሪኬን ሰውን የሚገድለው ምንድነው? ከ1963 እስከ 2012 ባሉት 50 ዓመታት በአሜሪካ በእንዲህ ዓይነት ማዕበሎች በቀጥታ ከሞቱት 10 ሰዎች ዘጠኙ ያህል የሞቱት በውሃ ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ እየገፋ የሚያመጣው ማዕበል ነው። ሌላው ገዳይ ድምፅ የለውም። በ2020 ሎራ የተባለው ሀሪኬን ሉዊዚያናን ሲመታ፣ በጄኔሬተር ጭስ ታፍነው የሞቱት ሰዎች በጎርፍ ከሞቱት በልጠው ተገኙ። በር ተዘግቶ ከሰል ሲቀጣጠል ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ሊጠፋው አይገባም።

እንግዲህ ውሃውም፣ ጭሱም፣ የሚወድቀው ዛፍም ጠመንጃ አይፈሩም። በ2017 ኢርማ ወደ ፍሎሪዳ ስትቃረብ በማኅበራዊ ሚዲያ «ሀሪኬኗን እንተኩስባት» የሚል ቀልድ ተነስቶ፣ የአንድ አካባቢ የሸሪፍ ቢሮ ጥይት ማዕበል እንደማይመልስ በይፋ ለሕዝቡ ማስታወቅ ነበረበት። እንስቃለን፤ ነገር ግን ጠመንጃ አለኝ ብሎ በጎርፍ መንገድ ላይ የሚቀር ሰው በቁም ነገር የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለአነስተኛው አደጋ መልስ ስላለው ለትልቁም መልስ ያለው ይመስለዋል።

«ሞት እንደሆነ ቀደር ነው፤ ከቤቴ አልሸሽም» የሚልም ይኖራል። ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ነውን የምትሸሸው ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ለግመሎቹ ለምለሙን ሸለቆ የመረጠም በአላህ ቀደር ነው፣ ደረቁን የመረጠም በአላህ ቀደር ነው። ስለዚህ መውጣት የኢማን ማነስ አይደለም። በተለይ ሚስትና ልጆች፣ አዛውንት እናትና አባት በእጃችን ካሉ፣ የተሰጠን አማና እነሱ ናቸው። ቴሌቪዥኑና መኪናው ከእነሱ በኋላ ይመጣሉ። የቀረ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ድረሱልኝ ሲል ጀልባ ይዞ የሚመጣው ሰውም ነፍስ አለው፣ ቤተሰብ አለው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም የሚቀረው በእልኸኝነት አይደለም። መኪና የሌለው፣ ለሆቴል የሚከፍለው የሌለው፣ ታማሚ የሚያስታምም፣ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ የሚሰጋ አለ። የሚኖርበት አካባቢ ልቀቁ ያልተባለም አለ። እነዚህ ሰዎች ይቀራሉ፤ መቅረታቸውም ይገባናል። ለእነሱ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። መብራት በጠፋበት ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ማን መጣ ይላሉ?

እዚህ ላይ ኒው ኦርሊንስን ደግመን እንመልከት። ከወንዙ ማዶ አልጀርስ ፖይንት የሚባል ሰፈር አለ፤ ውሃው አልደረሰበትም። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ነጮች ነበሩ። ዘራፊ ይመጣብናል ብለው መንገዱን በወደቀ ዛፍና በዕቃ ዘግተው ጠመንጃ ይዘው ቆሙ። ሀሪኬኑ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ሦስት ጥቁር ወጣቶች በዚያ ሲያልፉ ተተኮሰባቸውና ቆሰሉ። የት እየሄዱ ነበር? ሰው ወደሚወጣበት የጀልባ ማቆሚያ። ሊድኑ ነበር የሚሄዱት። ተኳሹ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት እንደተኮሰ በፍርድ ቤት አምኖ 10 ዓመት እስር የተፈረደበት በ2019 ነው።

መንግሥት የያዘው መሣሪያም ከዚህ አልዳነም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2005 ፖሊሶች እየተተኮሰብን ነው የሚል ጥሪ ሰምተው ዳንዚገር ወደሚባል ድልድይ በረሩ። እዚያ ያገኟቸው ባዶ እጃቸውን የሚሻገሩ ሰዎችን ነበር። ሁለቱ ተገደሉ፣ አራቱ ቆሰሉ። በእነዚያ ቀናት ሺዎች ስለተጠለሉበት ስለ ሱፐርዶም ስታዲየም የተወራው የግድያ ወሬም በኋላ ሲጣራ አብዛኛው መሠረት አልነበረውም። ወሬው ግን ሰው ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ እንዲውል አድርጎ ነበር።

ልብ በሉ። እነዚህ ተኳሾች ዓይናቸው አላታለላቸውም። ሰው ነበር ያዩት። «ዘራፊ» የሚለውን ስም ግን ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ሰጥተውት ነበር። ኮምፔርሳቶው ላይ በቀለም የተጻፈው ቃል መጀመሪያ የሚጻፈው ልብ ላይ ነው።

ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በጦርነት ላይ አንድን ሰው ሊመታው ሲል ሰውየው ላ ኢላሃ ኢለላህ አለ። ኡሳማ ግን ገደለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ፣ መሣሪያውን ፈርቶ ነው ያለው አላቸው። እሳቸውም እውነት መሆኑን ለማወቅ ልቡን ሰንጥቀህ አይተሃልን በሚል ወቀሱት፤ ጥያቄውን ደጋግመው ስለጠየቁት ኡሳማ ያን ቀን ነበር እስልምናን የተቀበልኩት ቢባል ብሎ ተመኘ። ይህ የሆነው ጦር ሜዳ ላይ፣ ሰይፍ በተመዘዘበት ሰዓት፣ ጠላት ሆኖ በቆመ ሰው ላይ ነው። ታዲያ በጨለማ በራችን ላይ የቆመ፣ በዝናብ የራሰ ሰው ልቡን ማን ሰንጥቆ አየልን?

«ጥሩ ነው፣ ግን ዘራፊ ይሁን የተቸገረ በምን አውቃለሁ?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዚያች ደቂቃ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ማወቅ ያለብን ከዚያች ደቂቃ በፊት ነው። ጎረቤቱን በስም የሚያውቅ ሰው ድምፁን ከበር ማዶ ይለያል። ከሀሪኬኑ በፊት ወጥቶ «እኛ አለን፤ ከቸገራችሁ ሦስት ጊዜ አንኳኩ» ያለ ሰው፣ ማን ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባላችን እንዲህ ላለው ቀን ነው የተባለው። በካትሪና ጊዜ በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ነበር። ስለዚህ ጥይት ከመቁጠር በፊት የሚቆጠር አለ፤ በዚህ መንገድ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ስንት ናቸው? የኦክስጅን ማሽን ያለው ማን ነው? መኪና የሌለው ማን ነው?

እንዲህ ማድረግ እንደሚቻልም አይተናል። በኦገስት 2017 ሃርቪ ቴክሳስን መታ። በአንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። ከጎረቤት ግዛት ሉዊዚያና ሳይቀር ሰዎች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸውን በመኪና እየጎተቱ መጥተው የማያውቁትን ሰው ከጣራ ላይ አወረዱ። የሂውስተን መስጂዶችም በራቸውን ከፈቱ፤ ሙስሊም የሆነውንም ያልሆነውንም አስጠለሉ። ዒደል አድሓ የዋለው ሀሪኬኑ በገባ በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 1፣ ጁመዓ ቀን ነበር። ሰው ሶፋውንና ምንጣፉን ደጅ አውጥቶ በሚጥልበት ሳምንት ነው የታረደውና የተሰደቀው። ያ አገር ጠመንጃ የሞላበት አገር ነው፤ ጀልባ ይዘው ከመጡትም ውስጥ መሣሪያ ያላቸው እንደማይጠፉ እንገምታለን። መሣሪያው ግን ማንን እናድን የሚለውን አልወሰነላቸውም።

ጠመንጃ ያለው ወንድማችን እንግዲህ ምን ያድርግ? ልቀቁ ከተባለና መውጣት ከቻለ ይውጣ። ንብረቱን ለአላህ አደራ ይስጥ። ከቀረ፣ መሣሪያውን ልጆች ከማይደርሱበት ይቆልፍ፤ ቤቱ በዘመድና በጎረቤት በሚሞላበት፣ መብራትም በማይኖርበት ሌሊት ሜዳ ላይ የተተወ ሽጉጥ ከማንም ዘራፊ የበለጠ ያሰጋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልን እንኳ ከልክለዋል፤ በቀልድም ቢሆን ብረት ወደ ወንድም መቀሰርን አስጠንቅቀዋል። በእርግጥ አጥቂ ከመጣ ደግሞ ዑለማዎች እንዳሉት ከቀላሉ ይጀምራል። በድምፅ የሚመለስ በዱላ አይመታም፣ በዱላ የሚመለስ አይገደልም። ሱቅ ሰብሮ ውሃና ዳይፐር ይዞ የሚሮጥና ቤት ሰብሮ ሊገድል የሚገባ እኩል አይደሉም። ኮምፔርሳቶ ላይ የተጻፈው ዛቻ ግን ሁለቱን አይለይም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችን ሀሪኬን በሌለበት አገር እንኖራለን፤ ጠመንጃም የለን ይሆናል። ነገር ግን ክፉ ቀን ይመጣል በተባለ ቁጥር የምናጠራቅመውን እንይ። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ጥርጣሬው። ያዘጋጀነው ነገር ሲመሽ በራችንን ለመክፈት ያስችለናል ወይስ ለመዝጋት ብቻ ነው? ሁላችንም አንድ ቀን በሰው በር ላይ የምንቆም ነን፤ ዛሬም ነገም ደግሞ በአላህ ራሕመት በር ላይ ቆመን እናንኳኳለን።

ያ አላህ! ከነፋሱ መልካሙን ስጠን፣ ከክፉው ጠብቀን። በማዕበል መንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ ጠብቅልን። ከጎረቤታችን ክፋት ጠብቀን፣ ጎረቤታችንንም ከእኛ ክፋት ጠብቅ። እጃችን ያለ ሐቅ በፈሰሰ ደም ከመበከል አድነን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። መልካም ጁመዓ።