የኳስ ደጋፊና የቁማር ገንዘብ

አስተዋይ የሽሮ ሜዳ ሸማ ነጋዴ ሸሪኩ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣ ሳይጠይቅ ሽርክና አይገባም። የኳስ ደጋፊውስ? ለትኬትና ለማሊያ ከኪሱ ያወጣል፤ ክለቡንም «የእኔ» ይላል።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. 12 የአውሮፓ ሀብታም ክለቦች «ሱፐር ሊግ» የተባለ የግላቸውን ውድድር ሊመሠርቱ ተነሱ። የቼልሲ ደጋፊዎች ስታዲየማቸው ደጃፍ መንገድ ዘጉ፤ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ። (የመንግሥትም ጫና ነበረበት።) ቢሊየነሮቹ ደጋፊውን ፈሩ።

በዚያው ዓመት የእኛው ፕሪሚየር ሊግ «ቤትኪንግ» የተባለውን የውርርድ ድርጅት ስም ተሸክሞ ይካሄድ ነበር። በሱረቱል ማኢዳ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተጣምሮ መከልከሉን የማያውቅ ሙስሊም ማን ነው? ሆኖም ሰልፉ ይቅርና አንዲት የተቃውሞ ጨርቅ እንኳ አላየሁም።

«ታዲያ ክለቡ በምን ይኑር?» ይሉናል። እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተነፍሱት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ነገር ግን ዶሩራ ነው እንዳንል ኳስ ነፍስ ማዳኛ አይደለም። የቡናም ሆነ የጊዮርጊስ ደጋፊ ወንድሞቻችን ለክለባቸው ሲያዋጡ፣ ስፖንሰሩ ከመፈረሙ በፊት ማንነቱ ይነገረን ብለው በማኅበራቸው በኩል ይጠይቁ።