መልክን ለፎቶግራፍ ስለ ማሳመር

ሰው ከነፍስና ከሥጋ አንድ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ ሥጋው ለነፍሱ እንደ ልብስ ወልቆ የሚጣል ነገር አይደለም። ሞት ቢለያያቸውም ለጊዜው ነው፤ በትንሣኤ ዘጉባኤ እንደ ገና ይገናኛሉና። ይህን በትምህርተ ሃይማኖት የተማርን ሁሉ፥ ስለ ሥጋ መልክ የሚነሣ ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። ይኸውም ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ ብርሃኑን አስተካክሎ፥ አቋቋሙን አሳምሮ፥ ከተፈጥሮው ይልቅ ያማረ ሆኖ መታየቱ ሐሰት ነውን? ወይስ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ወደ ሰርግ እንደ መሄድ ያለ የተፈቀደ ነገር ነው? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያገኘሁት ከመጻሕፍት ትርጓሜ አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት በዳንግላ አካባቢ ባለች አንዲት አጥቢያ አንድ የንስሓ ልጄ በአርባ ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። ፈረስ የሚወድ ሰው ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ እርሱ ፈረሱን ሸልሞ ሳይወጣ የቀረበትን ዓመት አላስታውስም። በልጅነቱ ከፈረስ ወድቆ ስለ ነበር ከግራ ቅንድቡ እስከ ጉንጩ የሚወርድ ጠባሳ ነበረበት። በአርባው ቀን ተዝካር ወንድሞቹ ከመታወቂያው ላይ ያለውን ትንሽ ፎቶግራፍ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ወስደው በትልቁ አሠሩ፤ በመስተዋት አስገብተውም በዳሱ ራስ አቆሙት። ባለሙያው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ነበር። ሟቹ በሕይወቱ ለብሶት የማያውቀውን ሙሉ ልብስና ክራቫት አልብሶ፥ ፊቱን አቅልቶ፥ ከበስተግራ የማታ ፀሐይ የመሰለ ብርሃን አብርቶ፥ ጠባሳውንም አጥፍቶ አስረከበ። የመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት አምሯል!» አለ። አሮጊት እናቱ ግን ወደ ሥዕሉ ተጠግታ ለብዙ ጊዜ ካየች በኋላ በአገውኛ ተናገረች። ቃሏን ወደ አማርኛ ስመልሰው፥ «ይህ የማን ልጅ ነው? የኔን የት አደረጋችሁት?» ማለት ነው። ኀዘን አእምሮዋን የነካው መስሏቸው ደግፈው አስቀመጧት። እኔ ግን በዚያ ዳስ ውስጥ በትክክል ያየች እርሷ ብቻ መስላ ታየችኝ።

ይህን ስል ወንድሞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ያደረጉት ስለ ወደዱት ነው። ደግሞም ማሳመር ሁሉ ሐሰት ነው ብለን እንዳንፈርድ ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ይከለክለናል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ፥ የሚጾም ሰው ራሱን እንዲቀባ ፊቱንም እንዲታጠብ አዟል። በጾም የጠወለገ ፊት እንዳይታወቅ ይሸፈን ማለቱ ነው። ግብዞች ብሎ የነቀፋቸው ደግሞ ፊታቸውን አጠውልገው በሰው ፊት የሚቆሙትን ነው። እንግዲህ የውጭው መልክ ከውስጡ ሁኔታ ጋር አለመመሳሰሉ ብቻውን ሐሰት አያሰኝም፤ ማስጠየምም እንደ ማሳመር ያለ ማስመሰል ሊሆን ይችላልና። ኤልዛቤል ዓይኗን ተኳለች፤ አስቴርም ከሦስት ቀን ጾም በኋላ ልብሰ መንግሥቷን ለብሳ በንጉሡ ፊት ቆመች። አንዲቱ በቆመችበት መስኮት ተወርውራ ጠፋች፤ ሁለተኛይቱ ሕዝቧን አዳነች። የለየቻቸው ጌጡ አይደለም፤ ጌጡ የተደረገበት ምክንያት ነው።

ነገሩን በጭፍን እንዳልፈርድ ወደዚያው ባለሙያ ሄጄ ሥራውን እንዲያስረዳኝ ለመንሁት። ወጣት ነው፤ በትሕትና «ይቀመጡ የኔታ» ብሎ አንድ ሰዓት ያህል አስተማረኝ፤ እኔም እንደ ደቀ መዝሙር ሰማሁት። ብርሃን በእኩለ ቀን ከአናት በቀጥታ ሲወርድ የዓይንን ጉድጓድ በጥላ ይሞላዋል፥ ሰውንም የታመመ ያስመስለዋል። ከጎን ሲመጣ የፊትን ሸንተረርና ጠባሳ ሁሉ አጉልቶ ያወጣል፤ ከፊት ለፊት ሲሆን ግን ይደፍነዋል። ከትልቅ መስኮት የሚገባ ወይም በነጭ ጨርቅ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ለስላሳ ስለ ሆነ የዕድሜን መሥመር ይሰውራል፤ የትንሽ አምፑል ብርሃን ግን ጥላው ስለታም ነው። መነጽሩ ወደ ፊት በጣም ሲቀርብ አፍንጫን ያተልቃል፥ ጆሮን ያሳንሳል፤ ሲርቅ ሁሉም ወደ ልኩ ይመለሳል። ሰውነቱ ቀጠን ብሎ እንዲታይ የሚፈልግም ትከሻውን ጥቂት ወደ ጎን አዙሮ፥ ክብደቱን በኋለኛው እግሩ ላይ ጥሎ፥ አገጩን ዝቅ አድርጎ ይቆማል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቀድሞ የያዝሁት አሳብ ተናወጠ። «እንደ ተፈጥሮው ይነሣ» እንል ነበር፤ ነገር ግን ከየትኛው ወገን ነው ተፈጥሮው? ከላይ ነው ከጎን? ብርሃን የሌለው ፎቶግራፍ የለም፤ ብርሃንም ሁሉ ከአንድ ወገን ይመጣል፥ አንዱን ገልጦ ሌላውን ይሰውራል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ራሱ የሚያዳላበት ጊዜ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፎቶግራፍ ልክ የሚስተካከልበት «ሸርሊ» የተባለ ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ የነበረችው ሴት ነጭ ናት። የእርሷ ቆዳ ሲያምር ልኩ ደረሰ ይባል ስለ ነበር፥ የጠቆረ ገጽ በዚያ ፊልም ዝርዝሩ እየጠፋ ጥርስና ዓይን ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ ጠይም ወንድሙን በደንብ እንዲታይ ብሎ ብርሃን የሚጨምርለት ባለሙያ ሐሰት አልጨመረም፤ የጎደለውን መለሰ እንጂ። ስለዚህ የብርሃንን ማስተካከል ሁሉ ውዳሴ ከንቱ ብለው የሚያወግዙ አንዳንድ መምህራን ወንድሞቼ ነገሩን ፈጥነው የቈረጡት ይመስለኛል።

በአገራችን ታሪክም ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፥ ነገሥታቱንና መኳንንቱን በወግ አቁመውና አስቀምጠው ያነሡ ነበር። በእኛው አገር በዳንግላ ከ1925 እስከ 1934 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማንም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፎች አሉበት። በኋላ በየከተማው የፎቶግራፍ ቤት ሲከፈት፥ ገበሬው በገበያ ቀን ገብቶ በተሣለ መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፥ ሳይስቅ፥ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ መሣሪያው አቅንቶ። ዛሬ ልጆች በዚያ አቋቋም ይሥቃሉ። እኔ ግን ያን ሳይ የሥዕል ሕጋችን ትዝ ይለኛል። በዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ እንደሚታየው፥ ሠዓሊዎቻችን ጻድቃንን ሁለት ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ገጽ፥ አጋንንትንና ከሓድያንን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። ሙሉ ገጹን የሚሰጥ የሚሰውረው የለውም ማለት ነው። ገበሬው ይህን ከግድግዳው ተምሮት ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለኝም፤ ብቻ እንደ ጻድቃኑ መቆሙን እወድለታለሁ።

ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ግን የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን ያጣው፥ እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅም በጉዞ ላይ ያረፉበት የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ፥ በዚያው ክረምት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን መሣሪያ ፊት ተቀመጠ። ካሜሮን ብርሃንን በማደብዘዝና ምስልን በማለስለስ እስከ ዛሬ ስሟ የሚነሣ ባለሙያ ናት። ልጁን በአገሩ ልብስና በአንገት ጌጥ፥ አንዳንዱንም ባሻ ፈለቀ ይባል ከነበረው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣችው። ብርሃኑ ያማረ ነው፤ አቀማመጡም የተጠና ነው። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ጥበብ የልጁን ዓይን ሊያስደስተው አልቻለም፤ ኀዘኑ በጌጡ መካከል ተቀምጦ ይታያል። ልዑሉ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንዘር ተቀብሯል። የተነሣው ለራሱ ሳይሆን ለተመልካች መሆኑን ሳስብ፥ ብርሃኑ ማንን እንዳገለገለ እጠይቃለሁ፤ ሆኖም ኀዘኑን ካላጠፋችበት ሴቲቱን ሙሉ በሙሉ ልወቅሳት አልችልም።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዋሸራ ቅኔ ስንማር ሰሙ ቢያምር ነውር አልነበረበትም፤ ሰሙ የሚያምረው ወርቁን ሊሸከም ነውና። ሰሙን አስጊጦ ወርቅ ያጣበት ተማሪ ግን ከመምህሩ የሚደርስበትን ያውቀዋል፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ብርሃንና አቋቋም ሰም ናቸው። ያን ሰው፥ ያን አንዱን፥ እናቱ የምታውቀውን እስካሳዩ ድረስ ያምሩ። ሰውየውን አውጥተው በስፍራው ሌላ ካቆሙ ግን ሰሙ ባዶ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃችንም ጌታችን ራሱ ነው። ከሙታን ከተነሣ በኋላ፥ በማይሞትና በማይደክም ሥጋ፥ በዝግ ደጅ ገብቶ ለቶማስ ያሳየው የችንካሩን ምልክትና የተወጋ ጎኑን ነበር። በደብረ ታቦር ከባሕርዩ ብርሃን የገለጠ እርሱ፥ ያን ቁስል ሊያጠፋው ይችል አልነበረምን? ትቶታል። ደቀ መዝሙሩ ያወቀውም በእርሱ ነው። ታዲያ የትንሣኤ ክብር ያልሸፈነውን ጠባሳ፥ እኛ በፎቶግራፍ ቤት ስለ ምን እንሸፍነዋለን?

ይህ ለሙታን ብቻ የሚነገር አይደለም። በእንጅባራ የሰንበት ትምህርት ቤት ከምናስተምራቸው ልጆች አንዲቱ፥ ጓደኞቿ ወደ ዘንገና ሐይቅ ለመዝናናት ሲሄዱ ዘወትር ትቀራለች። ምክንያቱን ስጠይቃት በስልኳ ያለውን ፎቶግራፏን አሳየችኝ። «ፊልተር» በሚሉት አፍንጫዋ ቀጥኗል፥ ቆዳዋ ነጥቷል፥ ዓይኗ ሰፍቷል። «የኔታ፥ ይህን አይቶ የወደደኝ ሰው እኔን ሲያይ ያዝናል» አለችኝ። በሐሰተኛው መልክ የተታለለ ሌላ ሰው ገና አልነበረም፤ ከሁሉ አስቀድማ ከገዛ ገጿ የተሰደደች እርሷ ናት። ምን እንደ መለስሁላት እዚህ አልጽፍም፤ መልሴ በቂ እንዳልነበረ ዐውቃለሁና። እናቷ ግን በሰማች ጊዜ፥ «ይህ አፍንጫ የአያቷ ነው» ብላ አለቀሰች። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ እኔም አላገኘሁም።

እኛ ካህናትም ንጹሓን ነን አልልም። በጥምቀት ጥምጣም አስተካክሎ፥ መስቀሉን ከፍ አድርጎ፥ የመሣሪያውን አቅጣጫ በጎን ዓይኑ የሚፈልግ ካህን አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ከደቀ መዛሙርቴ ጋር ስንነሣ እኔ ራሴ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ጽሕሜን አበጥሬ ነበር። ሥዕሉ መጥቶ ባየሁት ጊዜ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎም ደስ ስላለኝ አፈርሁ። ልብሰ ተክህኖው የመቅደሱ ክብር ነው፤ ሆዱ ግን የእኔ ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ወንድሞቹን ይዤ ወደዚያ ወጣት ባለሙያ ተመለስሁ። አልተቈጣም፤ «የኔታ፥ ያማረ የሚሉት እንዲህ መስሎኝ ነው» አለ። እኔም «ልጄ፥ ሌላ ፎቶግራፍ እንፈልግ» አልሁት። ፈልገን በመጨረሻ አንድ እንግዳ በጥር 23 ቀን በእንጅባራ በስልኩ ያነሣውን አገኘን። ሟቹ በፈረሱ ላይ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ከአናቱ ወርዶ ዓይኑን በጥላ ሞልቶታል፥ እርሱም ከፀሐዩ የተነሣ ፊቱን አጨማድዶ ይሥቃል። ባለሙያው በጥላው ውስጥ ያለውን ዓይን እስኪታይ ድረስ አበራው፤ ሌላ ምንም አልነካም። በመጀመሪያው መስተዋት ውስጥ አስገባነውና ለእናቱ ወሰድንላት። ቤቱ ጨለማ ስለ ነበር አቅፋ ወደ ደጃፉ አወጣችው፤ ወደ ፀሐይ መልሳ እያዘነበለች ፈለገች፤ ከዚያም ከግራ ቅንድቡ በታች ሳመችው።